አውሮፕላኑን ንኪው

ቦሌ አየር ማረፊያ፣ የአሜሪካው በረራ በሚነሣበት ምሽት፣ ዊልቸር ላይ ተደርድረው የሚታዩት እናቶች አብዛኞቹ እግራቸው ጤነኛ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስመው የተመለሱ፣ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲያስሩና ሲፈቱ የዋሉ ናቸው። ዊልቸሩን ያዘዙላቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ ምክንያታቸውም ዊልቸር ገፊ ሰው ያለው መሆኑ ነው። ያ ሰው ከመግቢያው በር ይቀበላቸውና በፍተሻው፣ በኢሚግሬሽኑ፣ በዚያ ማለቂያ በሌለው መተላለፊያ አሳልፎ አውሮፕላኑ አፍ ላይ ያደርሳቸዋል። ሲያርፉ ደግሞ ሌላ ሰው ተረክቦ፣ ሻንጣቸውን አስወርዶ ለልጃቸው ያስረክባቸዋል። የአቅመ ደካማው መገልገያ ያለ አግባብ ተያዘ ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ ግን በስደት ያለው ሕዝባችን ከዘየዳቸው ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

የኮሮና ወረርሽኝ ያንን ዊልቸር ገፊ ከመሀል ሊያወጣው ምንም አልቀረውም ነበር። ሰው ከሰው ይራቅ ተባለ፤ ትኬቱ ስልክ ውስጥ ገባ፣ የጤና ቅጹ ስልክ ውስጥ ገባ፣ የምግብ ቤቱ ሜኑ ሳይቀር ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በሚያዝያ 2013 የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) የጉዞ ማለፊያ መተግበሪያ ከአፍሪካ ቀድሞ ሞክሯል። ለወጣት መንገደኛ ይህ ሁሉ እፎይታ ነው። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በመጠየቅ የኖረች ሴት ናት። መርካቶ ውስጥ አንድ ተራ ቢጠፋባት ሦስት ሰው ትጠይቅና ሁለቱ የተስማሙበትን ይዛ ትሄዳለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ስልክ ፊት ግን አይሠራም፤ ስልክ የሚጠይቅ እንጂ የሚጠየቅ አይደለም።

እናቴን ለማምጣት ከምኖርባት ከአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት በመጋቢት 2014፣ በዐቢይ ጾም ነበር። እህቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበርና ያለ እናት አራስ ቤት አይገባም ተባለ። ቪዛው ከወረርሽኙ በፊት የተመታ ስለነበር በእሱ በኩል ችግር የለም። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ከጥቅምት 29 ቀን 2014 ጀምሮ በአውሮፕላን አሜሪካ የሚገባ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ሙሉ የኮሮና ክትባት መውሰዱን ማሳየት ነበረበት። ከኅዳር 27 ወዲህ ደግሞ ከበረራ በፊት የሚደረገው የኮሮና ምርመራ ጊዜ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን ጠበበ፤ ሐሙስ የሚበር ሰው ከረቡዕ በፊት ቢመረመር ዋጋ አልነበረውም። በዚያ ላይ የሚፈረም የማረጋገጫ ቅጽ ነበር። ብቻዋን ትምጣ የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ተሰረዘ።

ክትባቱን እንኳ ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ ቀድማ ወስዳዋለች። በየካቲት 28 ቀን 2013 በዓለም አቀፉ የክትባት ማከፋፈያ በኮቫክስ በኩል ከገባው ሁለት ሚሊዮን ከምናምን መጠን አስትራዜኔካ የደረሳት ነው። ሆኖም ካርዷ ላይ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነበር። ዋሽንግተን የምናርፍበት የዳለስ አየር ማረፊያ ሠራተኛ ያንን 2013 ቢያነብ በሽታው ዓለም ላይ ከመታየቱ ስድስት ዓመት ቀድማ የተከተበች ሴት ነው የሚያገኘው። ይህን ለማስቀየር ግማሽ ቀን ሄደ። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ካርዱን አየችና ሳቀች፤ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን ከሳቋ ገባኝ።

ምርመራው ላይ እናቴ በአንድ እጇ እጄን፣ በሌላው ነጠላዋን ጨብጣ ተቀመጠች። ልጅቷ እንጨቱን አፍንጫዋ ውስጥ ስታዞረው ዓይኗ እንባ ሞላ። ሲወጣላት፣ «ልጄ፣ አንጎሌን ነካሽው እኮ!» አለቻት። ውጤቱ በኢሜይል ይላካል ተባለ። እናቴ ኢሜይል አላት፤ ማለትም በስሟ የተከፈተ አለ። የተከፈተው ግን በታላቅ ወንድሜ ስልክ ቁጥር ነው፤ እሱ ያለው ዳላስ ከተማ ነው፤ ለመግባት የሚጠየቀው ኮድ የሚሄደውም ወደ ዳላስ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው። አፍንጫው የእናቴ፣ ኢሜይሉ የወንድሜ፣ ጭንቀቱ የእኔ ሆኖ አደርን።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ አይመስለኝም። ከውጭ የተላከ ስልክ የያዘ ሽማግሌ ሁሉ አካውንቱ በልጁ ስም፣ የይለፍ ቃሉ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስልኩ የእሱ ነው ይባላል እንጂ ተከራይ ነው። በዚያ ላይ የምናስተምረው ትምህርት እርስ በርሱ ይጣላል። «እማዬ፣ ቴሌግራም ላይ ኮድ ላኪልኝ የሚል ሰው ቢመጣ እንዳትሰጪ፣ ሌባ ነው» እንላታለን። እውነት ነው፤ በዚህ መንገድ አካውንቱን ያልተነጠቀ ሰፈር የለም። ከዚያ በሳምንቱ ወንድሜ ይደውልና፣ «እማዬ፣ አሁን ስልክሽ ላይ ስድስት ቁጥር መጥቷል፣ ቶሎ አንብቢልኝ» ይላል። ሌባውና ልጁ አንድ ዓይነት ነገር የሚሉ ከሆነ እሷ በምን ትለይ?

ስልኩ ቤታችን የገባው ለጉዞ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በመጨረሻዎቹ መንገደኞች እጅ የደረሰ ሳምሰንግ ነው። የዚያን ጊዜ ወደ አገር ቤት የደወለ ሁሉ ያስታውሳል፤ በተለመደው የጥሪ ድምፅ ፈንታ ስለ ኮሮና የሚመክር መልእክት ነበር የሚሰማው። እናቴ ስልክ የምታነሣው ተረጋግታ ስለሆነ ምክሩን እስከ መጨረሻው ሰምተነዋል። የሚያዝያ 11ዱን ፋሲካ ቅዳሴ ምእመኑ በየቤቱ በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ እኛ ደግሞ በኢሞ ከእነሱ ቴሌቪዥን ላይ እየተከታተልን ነበር። ምስሉ ይቆማል፤ የአባባ ግንባር ብቻ ይታያል፤ ካህኑ ሲያዜሙ ድምፁ ይቆራረጣል። ቢሆንም ማንም አልዘጋም።

ከዚያ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ኢሞውም ቫይበሩም ቴሌግራሙም ጸጥ አሉ። እኛ ካርድ ገዝተን ወደ ድሮው መደበኛ ስልክ ተመለስን። አባባ በደስታ ነው ያነሡት። «ይኸው፣ ጡረታ አወጣነው ያላችሁት ስልክ ነው ያገናኘን» አሉኝ። ወላጆቻችን አዲስ ነገር አይቀበሉም ብለን ስናማቸው ይህንን ማስታወስ ደግ ነው። ብዙ ነገር ሲመጣና ሲሄድ ያዩ ሰዎች ናቸው፤ አሮጌውን ቶሎ የማይጥሉት በምክንያት ነው።

አባባ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እናቴ ስትሄድ ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለሆኑ ስልኩን በደንብ ማወቅ ነበረባቸው። ለዚህም ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝተው፣ ሽፋኑ ላይ ስማቸውንና «የስልክ አጠቃቀም» ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። የመጀመሪያው ገጽ ቀድሞ ተሞልቷል፤ ቀሪ ሂሳብ ለማወቅ *804#፣ ካርድ ለመሙላት *805*፣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ደግሞ ለሞባይል ገንዘብ ቴሌብር *127#። እነዚህን ያለ መነጽር ይደውሏቸዋል። እኔ የቴሌብርን መተግበሪያ ላስጭናቸው ብል እምቢ አሉ። «ኮዱ ትናንት የነበረበት ነው ዛሬም ያለው፤ የአንቺ ሥዕል ግን ባደሰው ቁጥር ቤት ይቀይራል» አሉ። መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ከዝማኔ በኋላ አዝራሩ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ስሙ ይቀየራል፤ እኛ ፈልገን እናገኘዋለን፣ እሳቸው ግን የተማሩት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሰረዝባቸዋል። *127# ብሎ ቁጥር እየመረጡ መሄድ ኋላ ቀር ይመስላል፤ ለሽማግሌ ከዚህ የተሻለ የሠራ መሐንዲስ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደብተሩ ላይ ስለ ቴሌግራም የጻፉት እንዲህ ይላል፦ «ሰማያዊ ክብ፤ ውስጡ ነጭ አውሮፕላን። አንድ ጊዜ ብቻ ይነካል።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ጣታቸውን አሳርፈው ይቆያሉ፣ ሲቆዩም ምስሉ ከቦታው ይነሣና ይጠፋል። ይህን ነገር በቃል ማስረዳት አቃተኝ። የፈታችው እናቴ ናት። ከማድ ቤት ሆና ስትሰማን ቆይታ፣ «የጋለ ምጣድ ነው በሉት!» አለች። አባባ እንደተባሉት ጣታቸውን ነክተው መለስ አደረጉ፤ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቴሌግራም የሚባል ነገር የለም፤ «አውሮፕላኑን ንካው»፣ «አውሮፕላኑን ንኪው» ነው።

የጉዞው ቀን ወረቀቱን ሁሉ አሳትሜ በአንድ ፋይል አድርጌ ለእናቴ ሰጠኋት። ስልኬ ላይ ሁሉም ነበር፤ ግን ወረቀት ሲሆን እሷ ናት የምታሳየው። ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ መጥቶ፣ «እማማ፣ ይቀመጡ» ሲላት መጀመሪያ ተግደረደረች፤ ተቀምጣ ገና ፍተሻው ጋ ሳይደርሱ አገሩ ጎጃም መሆኑን፣ እናቱ በሕይወት መኖሯን፣ ገና አለማግባቱን አውቃለች። ፋይሉን ለየመስኮቱ ራሷ እያወጣች ሰጠች። አንድ ሠራተኛ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «የኔ ነው፤ ኢሜይሉ ነው የነሱ» አለችው። ሰውዬው ምን እንዳለችው ሳይገባው አሳለፋት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስለ ምቾት ብዙ አሰብኩ። አየር መንገዱ በ2013 መጀመሪያ «ሼባ ኮምፎርት» ብሎ ለመንገደኞቹ እስከ 100 ሺህ ዩሮ የሚደርስ የኮሮና ሕክምና መድን ሰጥቶ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ጥሩ ነገር ነበር። እናቴ ዘንድ ግን ምቾት ሌላ ነው። ማስኩ ጆሮዋን ስላሳመማት ነጠላዋን በላዩ ተከናነበች፤ ሳኒታይዘሩን ሽታው ስላልተመቻት መዳፏን በዕጣን በታጠነ መሐረብ ጠረገች። የተሰጣትን ብርድ ልብስ ግን አልከፈተችውም፤ «ሰው ለብሶት ይሆናል» ብላ ጋቢዋን ለበሰች። ታሽጎ መምጣቱን ባሳያትም አላመነችም። ፊቷ ያለው ስክሪን ላይ የአማርኛ ፊልም ብከፍትላት ወዲያው ሰለቻት። የወደደችው ካርታውን ነው። ያቺ ትንሽ አውሮፕላን በሱዳን ላይ ስታልፍ እያየች እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ጾሙ ነው ያስቸገረን። እራት የጾም ምግብ አስቀድመን ስላዘዝን በሰላም አለፈ። እናቴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው። በረራው ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም፤ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚያ ቀጭን አየር ላይ መነሣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። እዚያ ስንቆም ውጭው ነግቷል። ቁርስ ሲመጣ፣ «የየት አገር ዘጠኝ ሰዓት ነው የምይዘው?» አለችኝ። ስልኬ አንድ ሰዓት ይላል፣ ስክሪኑ ሌላ፣ የአስተናጋጇ ማስታወቂያ ሌላ። እሷ የራሷን ስልክ አወጣች፤ የአዲስ አበባን ሰዓት እንደያዘ ነው። «የተሳፈርኩበት አገር ሰዓት ነው» ብላ ወሰነችና ቁርሱን መለሰች። በመጋቢት በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ሰዓት ነው። አሜሪካኖቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቡና ሲጠጡ በእሷ ስልክ ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ ዳለስ አርፈን ገና ሳንወርድ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ በላች። ስልኩ ያለ እኛ እርዳታ ያገለገላት ይህን ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ በራሱ እንዳይቀየር ያደረገላት ማን እንደሆነ አላወቅሁም።

ዳለስ ላይ ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ ኢሚግሬሽን የሚወስደው ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት በጎማ የሚሄድ ትልቅ ክፍል ነው። ሰው ሁሉ ሳሎን እንደገባ ይቆማል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሳሎኑ ይንቀሳቀሳል። እናቴ ግራ ቀኟን አይታ፣ «ቤቱ ነው የሚሄደው?» አለች። ዊልቸሩን የሚገፋው፣ «አዎ እማማ፣ ቤቱ ነው» አላት በአማርኛ። ዳለስ የሠራ ወይም በዚያ ያለፈ ሰው አይደንቀውም፤ ከዊልቸር ገፊዎቹ ብዙዎቹ የኛው ልጆች ናቸው።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ኦፊሰሩ ማስኳን ዝቅ እንድታደርግ፣ ከዚያ አራት ጣቷን መስታወቱ ላይ እንድታሳርፍ ነገራት። ነካ አድርጋ መለሰች። ማሽኑ አላነበበውም። ደገመች፤ እንደገና ነካ፣ መለስ። ዊልቸሩን የሚገፋው ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «እማማ፣ ጫን አድርገው ይቆዩ» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ በርበሬ ያሸ፣ ልብስ ያጠበ ጣት ስለሆነ አሻራው ቶሎ አይነበብም። ኦፊሰሩ እጇን በጨርቅ አስጠረጋትና እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ አረንጓዴ ሲበራ ወደ እኔ ዞረችና፣ «አንድ ጊዜ ቶሎ አንሺ ትሉኛላችሁ፣ አንድ ጊዜ ጫን አድርጊ፤ አንዱን ወስኑ!» አለች። ልጁ ሲተረጉምለት ኦፊሰሩም ሳቀ። ማስክ ለብሶ የሚስቅ ሰው ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው፤ ቢሆንም ለእሷ በቂ ነበር፣ መረቀችው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያለው ታሪክ አጭር ነው። የእህቴ ልጅ በሰላም ተወለደ፤ ገንፎው ተገነፋ። ሚያዝያ 10 ፍሎሪዳ ያለ ፍርድ ቤት በአውሮፕላን ማስክ የማድረግ ግዴታውን ሻረው፤ ሰኔ 5 ደግሞ የምርመራው ግዴታ ተነሣ። እናቴ ስትመለስ ያ ሁሉ የወረቀት ፋይል አላስፈለጋትም። በእነዚያ ወራት አባባ በየማታው ይደውሉ ነበር፤ የሕፃኑን ፊት እየፈለጉ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ የእናቴን ጆሮ ያያሉ። አንድ ቀን የቪዲዮ መልእክት ራሳቸው ቀርጸው ላኩ። ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ሙሉውን ጊዜ አይናገሩም፣ ስልኩ እየቀረጸ መሆኑን ለማወቅ ይመለከቱታል። እናቴ ደጋግማ ከፈተችው። ማንም ላክልን ብሎ አልለመናቸውም፤ እንዴት እንደሚላክም ደብተሩ ውስጥ አልነበረም። የአክስቴን ልጅ ጠይቀው ነው። እኔ በሩቁ ስንት ጊዜ ያስረዳሁት ነገር እዚያው አጠገባቸው በተቀመጠ ሰው በአንዴ ገባቸው።

ለወላጆቻችሁ ስልክ ልትልኩ ያሰባችሁ እንግዲህ ልለምናችሁ። አካውንቱን በራሳቸው ቁጥር ክፈቱት፤ ኮዱ ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ እነሱ ይምጣ፣ እናንተም አንብቡልን አትበሏቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያስፈልጋቸውን ሦስት አራት ነገር ብቻ ተዉና ሌላውን አንሡ። አጠገባቸው ያለን አንድ የቅርብ ሰው፣ የጎረቤት ልጅም ይሁን የአክስት፣ አስቀድማችሁ አስተምሩና ለእሱም ካርድ ሙሉለት። የይለፍ ቃሉን ደብተራቸው ላይ በራሳቸው እጅ ይጻፉት። አደጋ አለው የሚል ካለ፣ እኛ ሰፈር ስልክ የተሰረቀበት ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ደብተር የተሰረቀበት ግን አንድም የለም።